በምዕራቡ መስኮት የተሰቀለው ብርድ ልብስ

ሊፓ፣ ኔብራስካ
ሰኞ፣ ኦገስት 2 ቀን 1954

ይድረስ ለእህቴ ለሊቢ፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ኦቶ፣ ድመትሽ፣ የዴንቨር አየር፣ ሁሉም ደኅና? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፤ ከወገቤና ከወንድማችን ሚስት ከቪልማ በቀር የሚያመኝ የለም።

ስለ ኪያሩ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ ደርሷል። የአውራጃው የእርሻ አውደ ርዕይና ውድድር ሁለት ሳምንት ስለቀረው በየማለዳው ከአትክልቱ መሃል ተንበርክኬ በሜትር እለካዋለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ጸሎት የጀመርኩ ይመስለዋል። አንድ ሳህን ላይ የሚቀርቡት አምስት ኪያሮች ከአንድ ማሕፀን በአንድ ቀን የወጡ መምሰል አለባቸው። እግዜር ደግሞ እንዲህ ዓይነት ኪያር የሚፈጥረው ለቪልማ ብቻ ነው። በኪያሯ፣ በጥቅል ጎመኗ፣ በፕሪም ማርማላታዋ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰማያዊውን ሪባን እየወሰደች ቀዩን፣ የሁለተኛውን፣ ለእኔ ስትተውልኝ ኖራለች። ቀይ ሪባኖቼ ቢቀጣጠሉ አንቺ ደጃፍ ይደርሳሉ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ኪያር አይደለም። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ።

ባለፈው ሐሙስ እንቁላል ላደርስ ወደ ላዲ ቤት ሄድኩ። ወንድማችን እንደ ወትሮው በረት ነው። ቪልማ ጓሮው ገመድ ላይ ብርድ ልብስ አስጥታለች፤ ሰማያዊና ነጭ እራፊ፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ። ሊቢ፣ የእማዬ ነው! ከቀብሯ በኋላ ሳጥኗን ገልብጬ ያጣሁት! "ብል በልቶት ከቡትቶው ጋር አቃጠልኩት" አላልሽኝም ነበር? ለካ ብሉ ባለ ሁለት እግር ኖሯል።

"እንዴት ያምራል!" አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ።

"አይደል? ሦስት ክረምት ፈጀብኝ እኮ፤ ጣቴ እስኪደማ!" አለችኝ። "ዘንድሮ ለአውደ ርዕዩ አስገባዋለሁ።"

ጣቷን አየሁት። ያን ጣት አድምቶት የሚያውቅ ነገር ቢኖር የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ነው።

እማዬ ይህን ብርድ ልብስ በድርቁ ዘመን ስትሰፋው የመወጠሪያውን እንጨት በዚህ በኩል እኔ፣ በዚያ በኩል አንቺ ይዘናል። "ይኼ፣ ቤት ለምትቀረዋ ልጄ ነው" ስትል ሁለታችንም ሰምተናል። ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰፍታ አንድም ቀን ለሽልማት አላቀረበችም፤ "እግዜር ያየዋል" ትል ነበር። እሱማ አይቶታል። አሁን አውራጃው ይየው፤ በእሷ ስም።

ከአንቺ የምፈልገው ሁለት መስመር ብቻ ነው። "ይህን ብርድ ልብስ እናታችን ዮዜፋ ስትሰፋው በዓይኔ አይቻለሁ" ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። ቪልማን ሪባኗን ባጠለቀች ቀን በሰው ፊት ቆዳዋን እገፈዋለሁ።

አልቢና

✽

ዴንቨር
ሐሙስ፣ ኦገስት 5

ውድ እትዬ አልቢና፤

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ምንኛ ደስ እንዳለኝ! ይቅርታ አድርጊልኝና መልሴ አጭር ነው። ቀኝ እጄ ወለም ብሎኝ (በግራዬ ነው የምጽፈው) ፊርማ የሚባል ነገር አልወጣልሽ ብሎኛል። ደግሞም ቀለሙ አልቋል።

ድመቷ ደኅና ናት። ኦቶም ደኅና ነው። አየሩን ለጠየቅሽኝ፣ ዝናብ የለም።

ስለዚያኛው ነገር... ሰማያዊና ነጭ ኮከብ በአገሩ ሞልቶ የለ እንዴ? ሰው በኀዘን ዓይን ሲያይ ያላየውን ያያል ይባላል። ላዲም ልቡ ደካማ ነው፤ ሚስቱን በሰው ፊት ብታዋርጂበት ምን ይሆናል? ለስምሽም ጥሩ አይደለም፣ እታለም። ተዪው።

የሎሚ ከረሜላ ልኬልሻለሁ። የሳሎኔ ሰዓት ደወለ፤ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልሩጥ።

ታናሽሽ ሊቢ

✽

ሊፓ
ሰኞ፣ ኦገስት 9

ለሊቢ፤

ግራ እጅሽ ከቀኝሽ የተሻለ ስለሚጽፍ ከእንግዲህ በእሱ ቀጥዪ። ከረሜላው ደርሷል፤ ዶሮዎቹ ወደውታል። ያ ኦቶ በጨረታ ገዛልኝ ያልሽው ሰዓት ደግሞ በየደብዳቤሽ ካልደወለ አይሆንለትም መሰለኝ። ዕድለኛ ነሽ። የእማዬ የግድግዳ ሰዓት ላዲ ከወረሰው ወዲህ "ለጥገና ሰጥቼዋለሁ" እንዳለ ሦስት ዓመቱ። ጠጋኙ መንኩሶ ይሆናል።

"በምን እርግጠኛ ሆንሽ?" ብለሽ በሕዳጉ ላይ በእርሳስ ጽፈሽ ለሰረዝሽው ጥያቄ መልሱ ይኸውልሽ። ከገመዱ ኋላ ፀሐይ ነበረች። በነጩ እራፊ ውስጥ ቀይ ነገር ጭል ጭል ሲል አየሁ።

አስታወስሽ? በድርቁ ዘመን ከላይኛው ጨርቅና ከገበሩ መሃል የሚገባው ጥጥ ከየት ይመጣል? የሊፓ ሴቶች በሙሉ ያረጀ ብርድ ልብስ በአዲሱ ሆድ ከተው ነበር የሚሰፉት። እማዬ የከተተችው የቤተ ክርስቲያኑን ነው፤ ለደወሉ መግዣ ያዋጡ የሠላሳ ስድስት ሴቶች ስም በቀይ ክር የተጠለፈበትን፣ አርጅቶ ሲያልቅ ወይዘሮ ሃቭሊክ "ለወለል መጥረጊያ ይሁንሽ" ብላ የሰጠቻትን። የራሷ ስም ከኮከቡ እምብርት ሥር እንዲውል አድርጋ ስታነጥፈው አንቺ አልነበርሽም "እማዬ፣ ኩራት ኃጢአት አይደለም ወይ?" ያልሻት? "ከላይ ሲሆን ነው ኃጢአት" አለችሽ።

ቪልማ ይህን አታውቅም። እሷ ባለ ጥጥ አገር ተወልዳ በ1939 አግብታ የመጣች ናት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እዚህ መሃሉ ላይ ቀይ እድፍ ያለ ይመስለኛል፤ በኮምጣጤ ብፈትገው ብፈትገው እምቢ አለኝ።" የአማቷን ስም ነው በኮምጣጤ የምትፈትገው! እኔም እንደ ደግ ሰው "ጨው ጨምሪበት" አልኳት።

ስለዚህ ፊርማሽን ተዪው። ሠላሳ ስድስት ምስክሮች አሉኝ፤ አንዳቸውም እጃቸው ወለም አላለም። የቀረኝ ፀሐይ ያለበት መስኮት ነው። ዘንድሮ በአዳራሹ ብርድ ልብሶቹን የሚሰቅለው ኮሚቴ አባል ሆኛለሁ።

አልቢና

✽

ዴንቨር
ሐሙስ፣ ኦገስት 12

ውድ እታለም፤

እባክሽ፣ እባክሽ። ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ እንደማይሰቀል አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ሰማያዊው ይገረጣል። የእማዬን ሥራ እንዲህ ነው የምታከብሪው?

ለመሆኑ ቪልማ ከየት እንዳገኘችው ተናግራለች? የተናገረችው ነገር ካለ አትመኛት። ሰው ሲጨንቀው ብዙ ይላል። ለገና እመጣለሁ፤ ያኔ ቁጭ ብለን የማጫውትሽ ነገር አለ። በደብዳቤ አይሆንም። እስከ ገና ምንም አታድርጊ።

የገና ብስኩትሽ ናፍቆኛል። እጄ በጣም ተሽሎታል።

ሊቢ

✽

ሊፓ
ማክሰኞ፣ ኦገስት 17

ለሊቢ፤

አላለችም፤ አልጠየቅኳትም። ሌባን "ከየት አመጣሽው?" ብሎ መጠየቅ ውሸት እንድትመርጥ ጊዜ መስጠት ነው። የገናው ወሬ ለገና ይቆይልን።

ውጤቱን ልንገርሽ። የሁላችንም ሥራ ትናንት ገቢ ሆነ፣ ዛሬ ተዳኘ። ከሊንከን የመጣችው ዳኛ አፏ እንደ ቦርሳ ዚፕ የተዘጋ ሴትዮ ናት። በአንድ ማንኪያ ሃያ ሁለት ማርማላታ ቀምሳ አንዴም ፈገግ አላለችም። የእኔን ፕሪም "ይፈሳል" አለችው። የቪልማን "ይቆማል"። ኪያሬ ቀይ ሪባን፣ የቪልማ ሰማያዊ። ጎመኔ ቀይ፣ የቪልማ ሰማያዊ። በፖፒ ፍሬ የሞላሁት ኮላች ዳቦ ግን... እሱም ቀይ። ዕንባ ያነቀኝ እንዲመስል መሀረብ አወጣሁ። ቪልማ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ "አይዞሽ አልቢናዬ፣ ዋናው መሳተፉ ነው" አለችኝ። ይህን ቃል በልቤ ጠርሙስ ጨምሬ ክዳኑን አጥብቄዋለሁ። ክረምቱን ይከርማል።

ብርድ ልብሱ አንደኛ ወጣ። ዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ገበሩን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ስትቆጥር ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ተከፈተ። "እንዲህ ያለ እጅ ዘንድሮ የለም" አለች። ሊቢ፣ ስለ እማዬ ነው ያለችው። ቪልማ ደግሞ አቀርቅራ "ኧረ እኔ ምን አለኝ" አለች። እውነቷን ነው።

አሁን ስለ መስኮቱ። "በምን ዘዴ?" ማለትሽ አይቀርም። እኔ ቪልማን ወደ መስኮት አልወሰድኳትም፤ እንዲያውም "ያንቺ እዚህ ጥግ፣ ጥላው ጋ ይሻለዋል፤ ቀለሙ እንዳይገረጣ" አልኳት በአክብሮት። ከዚያ ከመግቢያው ትይዩ ባለው በምዕራቡ መስኮት ላይ የራሴን ቀይ ሪባን ያገኘ ሽርጥ ሰቀልኩና ዞር ብዬ አደነቅኩት። ቪልማ ወዲያው የአዳራሹ ኃላፊ ወይዘሮ ሃቭሊክ ዘንድ በረረች። "ሽርጥ መስኮት ላይ፣ አንደኛ የወጣው ጥግ? ይህ ፍርድ ነው?" ወይዘሮ ሃቭሊክም ፈረደችላት። እኔ ተቃወምኩ። "ይገረጣል" ብዬ ሦስት ጊዜ በምስክር ፊት ተናገርኩ። ቪልማ "ይገርጣ!" አለች።

ሽርጤን አውርጄ ብርድ ልብሱን በገዛ እጄ ሰቀልኩላት። ዛሬ ደመና ነው። ነገ ግን ጥርት ያለ ቀን እንደሚሆን ራዲዮው ተናግሯል።

አልቢና

✽

ቴሌግራም
ዴንቨር፣ ሐሙስ፣ ኦገስት 19

አውርጂው። ማን አየው? ቪልማ ምን አለች? ሁሉን አስረዳለሁ። ሊቢ

✽

ሊፓ
ቅዳሜ፣ ኦገስት 21

ለወይዘሮ ሊቢ፤

ቴሌግራምሽ ፀሐይዋ ከጠለቀች በማግስቱ ደረሰ።

"ማን አየው?" ብለሻል። ማን ያላየው እንዳለ ብትጠይቂ ይቀል ነበር። ከአውራጃው ያላየው የላዲ ኮርማ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ሰዓት በሌላው አዳራሽ የራሱን ሪባን ይቀበል ስለነበር ነው። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ለእራት ሲሰለፍ፣ ስሞቹ አንድ በአንድ ወጡ። ራሱን የሳተ የለም። አንዲት የጎረቤት ወረዳ ሴት ብቻ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ሦስተኛ የወጣ ኬክ ላይ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ሃቭሊክ መነጽሯን አድርጋ የራሷን ስም አነበበች፤ ቀጥሎ የሟች እህቷን፤ ከዚያ ከኮከቡ እምብርት "ዮዜፋ ሲኮራ" የሚለውን። ዘወር አለችና "ይህን ጨርቅ በዚህ እጄ ለዮዜፋ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቪልማ፣ ያኔ አንቺ የት ነበርሽ?" አለች። አዳራሹ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ የማርማላታው መፍሰስ ይሰማ ነበር፤ የእኔ።

እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። አስቢው፤ እኔ!

"ቪልማ ምን አለች?" ብለሻል። ልንገርሽ። እንደ ቀይ ሥር ቀልታ "ሰፋሁት ማለቴ ውሸት ነው፣ እሺ! ሌባ ግን አይደለሁም! ሊቢ ናት የሰጠችኝ!" አለች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "በአማቴ ሰዓት ለውጠን ነው!" አለችኝ።

ሳቅኩ። "እህቴ እንዲህ አታደርግም" አልኳት፤ አንቺን ብዬ፣ በሕዝብ ፊት። በማግስቱ ጠዋት ያኔ ለእሷ የጻፍሽላትን ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። በቀኝ እጅሽ የተጻፈ ነው፤ ያኔ ደኅና ነበር። "አልቢና ድሪቶ ነው ብላ ጥላዋለች፤ አንቺ ከወደድሽው ውሰጂው፤ ሰዓቱን ብቻ ላዲ ሳያኮርፍ ላኪልኝ።" ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእኔ ብል፣ ለእሷ ድሪቶ። ለአንቺ ደግሞ በየሰዓቱ የሚደውል ጨረታ።

ሪባኑ ከቪልማ ወርዶ አንድ ቀን ያለ ስም ተንጠለጠለ። ዓርብ ዕለት ዳኛዋ ካርዱን አምጡ ብላ በራሷ እጅ "ዮዜፋ ሲኮራ" ብላ ጻፈችበት። የሞተ ሰው መሸለም በደንቡ አልተከለከለም አለች፤ ደንብ አውጪዎቹ አላሰቡትም እንጂ። ብርድ ልብሱ አሁን አልጋዬ ላይ ነው። ትንሽ ገርጥቷል። እኔም።

ቪልማን ይቅር አላልኳትም፤ እንዳትሳሳቺ። በአውደ ርዕዩ ወጥ ቤት የሦስት ቀን ሳህን አጥባለች፤ እኔ እያቀበልኳት። "አይዞሽ ቪልማዬ፣ ዋናው መሳተፉ ነው" አልኳት። ጠርሙሱ ክረምቱን አልከረመም።

አልቢና ሲኮራ

✽

ዴንቨር
ሐሙስ፣ ኦገስት 26

እታለም፤

በምን ፊቴ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ቤቱ ላንቺ፣ መሬቱ ለላዲ ሆነ፤ ለእኔ "ሊቢ ባል አላት" ተባለ። ያን ሰዓት ሕፃን ሆኜ ነበር ሲደውል የምቆጥረው። ከእማዬ ቤት አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ። ብርድ ልብሱን በሰዓቱ ልለውጠው ብዬ ብጠይቅሽ እምቢ እንደምትዪ አውቅ ነበር። እምቢ አትዪም ነበር?

ይቅር በዪኝ። ደግሞ አደራ፣ የተፈጠረውን ለሴቶቹ በሙሉ አትንገሪ። የገናውን ትቼ በሚቀጥለው አውደ ርዕይ መምጣቴ ነው፤ ኦቶ ምንም አያውቅም።

ሊቢ

✽

ሊፓ
እሑድ፣ ኦክቶበር 17

ውድ እህቴ ሊቢ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ዝም ያልኩት ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። ሥራ ይዤ ነው። "እምቢ አትዪም ነበር?" ላልሽው፣ እል ነበር። ግን በፊትሽ።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። የሊፓ ሴቶች ያንን የስም ብርድ ልብስ በአዲስ መልክ ልንሠራ ተስማማን። ለእያንዳንዷ የሊፓ ልጅ አንድ ነጭ እራፊ፣ በቀይ ክር ስሟ፣ ከስሟ በታች እሷን የሚገልጽ አንድ ትንሽ ጥልፍ። ለወይዘሮ ሃቭሊክ መነጽር ጠለፍንላት። ለእኔ ኪያር። ለቪልማ የኮምጣጤ ጠርሙስ፤ ራሷ ናት የጠለፈችው፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ። ለካ እጇ ጥሩ ነው፤ ሪባን ለመውሰድ መስረቅ አያስፈልጋትም ነበር። ይህን ግን አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

አንቺንም አልረሳንም። መሃል ላይ ነሽ፤ የእማዬ ስም በነበረበት ቦታ። ከስምሽ በታች የግድግዳ ሰዓት አለ፤ ቁልቁል የተንጠለጠለ ዘንግ ያለው፣ የሚያምር። ሴቶቹ "ለሊቢ ሰዓት ለምን?" እያሉ ይጠይቁናል። እኔና ቪልማ እንተያይና ዝም እንላለን። አደራሽን ጠብቄያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። የአገርሽን ሰው ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ያልነገሩትን ነገር ነው አጥብቆ የሚይዘው።

በሚቀጥለው አውደ ርዕይ በምዕራቡ መስኮት ይሰቀላል፤ ከዚያ ወዲያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለዘላለም። ስትመጪ ኦቶን ይዘሽው ነይ። ጥልፍ ማየት ይወዳል አይደል?

የምትወድሽ አልቢና

✽

ዴንቨር
ሐሙስ፣ ኦክቶበር 21

እታለም፤

ሰዓቱ ዛሬ ጠዋት በባቡር ተልኳል። በሁለት ትራስ ጠቅልዬዋለሁ። ቁልፉ በትንሹ ፖስታ ውስጥ ነው። ኦቶን ለጥገና ሄዷል ብዬዋለሁ።

ቤቱ ጭር ብሏል። እባክሽ ፍቺው። ያንን ጥልፍ ፍቺልኝ።

ሊቢ

✽

ሊፓ
ረቡዕ፣ ኦክቶበር 27

ውድ ሊቢ፤

ሰዓቱ በሰላም ደርሷል፤ እማዬ ሰቅላው በነበረበት ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ካንቺ ጋር ስለኖረ አልፈርድበትም። ቪልማ ስትመጣ ትቆምና ታየዋለች፣ ቀጥላ ብርድ ልብሱን ታያለች፣ ከዚያ ሁለቱም እኔ ቤት መሆናቸው ትዝ ይላትና ሻዩ መራራ ነው ትላለች። ከረሜላ ላኪ፤ ለእሷ ነው።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ። ቃል ቃል ነው። ትናንት ሁለታችን መስኮት አጠገብ ተቀምጠን ቀዩን ክር ከስምሽ ሥር አንድ በአንድ መዘዝነው። ክሩ ወጥቷል። አሁን ከስምሽ በታች ያለው ባዶ ነጭ ጨርቅ ነው።

ብቻ መርፌው የገባበት ቀዳዳ ቀርቷል። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ አይታይም። ወደ መስኮቱ ከፍ ሲያደርጉት ግን ሰዓቱ በብርሃን ተስሎ ይታያል፤ ዘንጉ ሳይቀር።

ቪልማ "አንዴ ሲታጠብ ይደፈናል" ትላለች።

ልጠበው ወይስ ልተወው፣ ገና አልወሰንኩም።

እህትሽ አልቢና